ገዢው ማን ነው?

በቋንቋችን «ገዛ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው በገንዘብ ለውጦ የራሱ አደረገ ማለት ነው፤ ሁለተኛው አስተዳደረ፣ በሥልጣኑ ሥር አዋለ ማለት ነው። ከጉሊት ጨው የሚገዛውም ሰው ገዢ ይባላል፤ አገር የሚገዛውም ሰው ገዢ ይባላል። ደግሞም ምኞቱን ተቆጣጥሮ በልክ የሚኖረውን ሰው «ራሱን የገዛ» እንለዋለን። ቃሉ ሁለቱን ፍች ያገኘው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በገበያ መካከል ስመላለስ ሁለቱን ለያይቼ ለማየት አልቻልሁም። ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ ይዞ የሚሄደው ሰው ሁሉ በእውነት ገዢ ነውን? ወይስ ዕቃው፣ ወይም ጎረቤቱ፣ ወይም ሻጩ እርሱን ገዝቶታል? በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ነገሩን ለግብረ ገብ ጽሑፍ የማይመጥን፣ የጓዳ ጉዳይ ነው ይለው ይሆናል። የሰው ጸባይ በጦር ሜዳ ወይም በፍርድ አደባባይ ብቻ የሚፈተን ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው አንድ ቀን እንኳ በጦር ሜዳ ሳይቆም ዕድሜውን ይፈጽማል፤ ገበያ ሳይወጣ የሚሞት ግን የለም ለማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ ገንዘብ የሰው ድካም ነው። ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ደመወዝ ከዕድሜው ሠላሳ ቀን ቆርሶ የሸጠበት ዋጋ ነው። ስለዚህ ያን ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ ሲገዛ ቀኖቹን ሰጥቶ ዕቃውን መቀበሉ ነው። ከዕድሜው ቆርሶ የሰጠ ሰው ደግሞ በልዋጩ ምን እንደ ተቀበለ፣ የመረጠለትም ማን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሰው አንድ ነገር ለመግዛት ሲቆርጥ ብቻውን የቆረጠ ይመስለዋል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን በሰው ልብ ውስጥ ብዙ አማካሪዎች ተቀምጠው ይከራከራሉ። እኔ ድምፃቸውን ለይቼ የማውቃቸው አራት ናቸው፤ እነርሱም ችግር፣ እምነት፣ ይሉኝታና ርካሽነት ናቸው። እያንዳንዳቸው የሚናገሩት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ብቻቸውን ዳኛ ሊሆኑ አይገባቸውም።

መጀመሪያ ስለ ችግር እናገራለሁ። ኤርንስት ኤንግል የተባለው የጀርመን የስታቲስቲክስ ሊቅ የሠራተኞችን ቤተ ሰብ ወጪ መርምሮ በ1857 ዓ.ም. አንድ ሐሳብ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው የውጭ አገር ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይኸውም የአንድ ቤተ ሰብ ገቢ እያነሰ በሄደ መጠን ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ እየበዛ ይሄዳል የሚል ነው። ነገሩ ለእናቶቻችን አዲስ አይደለም። የወሩ ገንዘብ ለእህልና ለዘይት፣ ለከሰልና ለቤት ኪራይ ገና ሳይመጣ ተከፋፍሎ የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ቤት የሚመርጥለት ችግር ራሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረው ተግሣጽ ይህን ሰው አይነካውም። ምርጫ የሌለውን ሰው «በደንብ ምረጥ» ብሎ መምከር ምክር ሳይሆን ስድብ ነው። ንግግሬ ከሆዱ የተረፈ ጥቂት ብር በእጁ ላለ ሰው ነው፤ ምርጫ የሚጀምረው ከዚያች ከተረፈችው ብር ነውና።

ሁለተኛው አማካሪ እምነት ነው። ገዢ የዕቃውን ውስጥ አያይም። የተፈጨ በርበሬ የሸክላ ዱቄት ይደባለቅበት አይደባለቅበት በዐይን ብቻ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው፤ ቅቤውም ንጹሕ ይሁን ሌላ ቅባት የገባበት፣ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 ዓ.ም. ይህንኑ ነገር ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ አስረድቶአል። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው እንዳይታለል ፈርቶ መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ግን ጥሩ መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎ መኪና ያለው ደስ ብሎት ይቀራል። እንዲህ እያለ ገበያው በመጥፎ ዕቃ ይሞላል። አከርሎፍ ስለዚህ ትምህርቱ በ2001 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሎአል።

የበርበሬውም ነገር እንደዚሁ ነው። ንጹሕ በርበሬ አስፈጭታ የምትሸጠው ሴት የሸክላ ዱቄት ከሚደባልቀው ሰው ጋር በዋጋ ልትወዳደር አትችልም። ሐሰተኛው ገዢውን ብቻ የበደለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እውነተኛይቱንም ሻጭ ከገበያ አስወጥቶአታል። ሕግ ይህን ሁሉ ሊጠብቅ ይሞክራል። በአገራችን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ስለሚገኝ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ደንግጎአል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይሁን እንጂ አንዲት እናት ስለ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ፍርድ ቤት አትቆምም። ሕዝባችን ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ከሕጉ በፊት የነበረ ነው፤ ይኸውም ደንበኝነት ነው።

ደንበኛ የሚለውን ቃል ገዢውም ለሻጩ፣ ሻጩም ለገዢው ይናገረዋል፤ ቃሉም ከደንብ ጋር የተዛመደ ነው። ደንበኛሞች በማይታይ ደንብ የታሰሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሻጩ ዛሬ ቢያታልል የነገውን፣ የከነገ ወዲያውንም ገበያ ያጣል፤ ገዢውም ለአምስት ብር ቅናሽ ብሎ ወደ ማያውቀው ሰው ቢሄድ፣ ዕቃ በጠፋ ጊዜ «ላንቺ አስቀምጬልሻለሁ» የሚለውን ሰው ያጣል። ስለዚህ ዘወትር ከአንድ ሰው የሚገዛውን ሰው ሰነፍ ነው፣ ዋጋ አያጠያይቅም ብለን አንንቀፈው። እርሱ የገዛው በርበሬውን ብቻ አይደለም፤ የሰውን እውነተኛነትም ጨምሮ ገዝቶአል። ነገር ግን እምነትም ወሰን አለው። ለሚያውቁት ሰው የሚሰጥ እምነት አንድ ነገር ነው፤ በዕቃ ላይ ለተለጠፈ ስም የሚሰጥ እምነት ሌላ ነው። እዚሁ አገር ተሠርቶ የውጭ አገር ስም የተጻፈበት ጫማ ሲሸጥ አይተናል። ሠሪው ይህን የሚያደርገው እጁ ስላልሠለጠነ ሳይሆን እኛ ስሙን ካላየን ስለማንገዛው ነው። «ኦርጅናል ነው ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ውለን ስፌቱን ገልጠን አናይም፤ እንግዲህ ሐሰቱን ሻጩ ቢናገረው፣ ያስተማርነው እኛ ነን።

ሦስተኛው አማካሪ ይሉኝታ ነው፤ ከአራቱም ብርቱው እርሱ ይመስለኛል። ቃሉ ራሱ ፍችውን ይናገራል፤ «ምን ይሉኛል» ማለት ነው። ቶርስታይን ቬብለን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1899 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፣ ባለጸጎች ውድ ነገር የሚገዙት ብዙ ጊዜ ስለሚጠቅማቸው ሳይሆን ሀብታቸው እንዲታይላቸው ነው፤ ከእነርሱ በታች ያለውም መደብ እነርሱን ለመምሰል ይደክማል ሲል ጽፎአል። እኛ ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም፤ የጤፋችን ቀለም ይበቃናል። ነጭ ጤፍ፣ ይልቁንም ማኛ የተባለው፣ ከቀዩ ይልቅ ሲወደድ ኖሮአል፤ ቀይ ጤፍ የድሃ እንጀራ ተብሎ ለእንግዳ ማቅረቡ ያሳፍር ነበር። ኋላ ግን ቀይ ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው፣ ለጤናም ይስማማል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ ትናንት ያፈሩበት ሰዎች ፈልገው ይገዙት ጀመር። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ የበቀለበትም መሬት አልተለወጠም። የተለወጠው ሰዎች ስለ እርሱ የሚሉት ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ነጩን የመረጠልን ምላሳችን ነበርን? ኋላስ ቀዩን የመረጠልን? በሁለቱም ጊዜ ከምላሳችን ይልቅ ጆሯችን የመረጠልን አይመስላችሁምን?

በጤፉ የደረሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ በሠርግና በተዝካር የደረሰው ግን ትንሽ አይደለም። በሬውን ሽጦ፣ ብድር ገብቶ፣ የሁለት ቀን ድግስ ደግሶ፣ ሁለት ዓመት ዕዳ ሲከፍል የኖረ ስንት ሰው አለ? አዲስ ተጋቢዎች ጎጆአቸውን በዕዳ ሲጀምሩ፣ የጠገበው እንግዳ ግን የበላውን በሳምንቱ ረስቶታል። ዛሬ ደግሞ ይሉኝታ ክንፍ አውጥቶአል። ቀድሞ የሚያየን የሰፈራችን ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን የሠርጉ ሥዕል በእጅ ስልክ ወጥቶ የማናውቀው ሰው ሁሉ ያየዋል። የሚያይ ዐይን በበዛ ቁጥር የሚደገሰውም ድግስ ይበዛል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ቸኩዬ እንዳልፈርድ የሚያግደኝ ነገር አለ። ይሉኝታ ጨርሶ መጥፎ ቢሆን ኖሮ «ይሉኝታ ቢስ» የሚለው ቃል ስድብ ባልሆነም ነበር። የስኮትላንዱ ፈላስፋ አዳም ስሚዝ በ1776 ዓ.ም. ባወጣው ታላቅ መጽሐፉ ስለ በፍታ ሸሚዝ የተናገረውን ማስታወስ ይገባል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን በፍታ ሳይኖራቸው ተመችቷቸው ኖረዋል፤ ስለዚህ የበፍታ ሸሚዝ ለሕይወት የግድ የሚያስፈልግ አይደለም። በስሚዝ ዘመን ግን አንድ የተከበረ የቀን ሠራተኛ ያለ በፍታ ሸሚዝ ከሰው ፊት ለመቅረብ ያፍር ነበር። ስለዚህ ስሚዝ ሸሚዙን ከሚያስፈልጉ ነገሮች ቆጠረው። ነገሩ እውነት ነው። ለእንቁጣጣሽ ለልጁ አዲስ ልብስ ለመግዛት ሲል ምሳውን ትቶ የሚውል አባት ታይታ ፈላጊ አይደለም። ልጁ ከእኩዮቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ እንዳይውል የሰውነት ክብሩን ነው የገዛለት።

እንግዲህ ክብርን ከታይታ በምን እንለያለን? እኔ የማገኘው መለያ ይህ ነው። አንድ ዕቃ ለመግዛት የተነሣ ሰው «ይህን ባልገዛ የማፍረው ስለ ምንድር ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ኀፍረቱ ከሰው እኩል ለመቆም ባለመቻሉ ከሆነ፣ የሚገዛው ክብርን ነውና ይግዛ። ኀፍረቱ ግን ከሰው በላይ ሆኖ ባለመታየቱ ከሆነ፣ ይህ ምኞት መጨረሻ የለውም። እኩልነት በአንድ ልብስ ይገኛል፤ ብልጫ ግን በመቶ ልብስም አይገኝም፤ መቶ አንደኛ ያለው ሰው አይጠፋምና። ሠርገኛውም በዚህ ሚዛን ድግሱን ቢመዝነው፣ ጎረቤቱን በልክ ጋብዞ ጎጆውን ያለ ዕዳ ይጀምር ነበር።

አራተኛው አማካሪ ርካሽነት ነው። እርሱ ብልኅ መስሎ ስለሚናገር ስሕተቱን ማንም አያይበትም። ስለ ርካሽነት የምናገረው የቁጠባ ጠላት ሆኜ አይደለም። ዋጋ መከራከርም ነውር የለበትም፤ በመርካቶ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ክርክር እንደሚመጣ ታስቦ የተጠራ ነውና፣ ዝም ብሎ የሚከፍለው ሰው እንደ ሞኝ ይታያል። የሚያሳዝነኝ የምንከራከርበት ቦታ ነው። በየሰፈሩ ጉሊት ሽንኩርቷንና ቲማቲሟን መደብ መደብ አድርጋ ፀሐይ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ተመልከቱ። የመደቧ ሁሉ ዋጋ ተደምሮ የአንድ ሰው የሆቴል ምሳ ላይሞላ ይችላል። መኪናውን አቁሞ የወረደው ሰው ስለ ጥቂት ብር ቆሞ ይከራከራታል፤ ከቀነሰችለትም በኋላ «መርቂልኝ» ብሎ ሁለት ራስ ሽንኩርት ያስጨምራታል። ይኸው ሰው ዋጋው ቁርጥ ወደ ሆነበት፣ መስታወቱ ወደሚያበራው መደብር ሲገባ ድምፁ ይለሰልሳል፤ በጉሊቷ ካስቀነሰው መቶ ዕጥፍ የሚሆን ትርፍ ሲጫንበት አንድ ቃል ሳይናገር ይከፍላል። ምርቃት ማለት በረከት ማለት ነው፤ ከደካማ ሰው ተጨቃጭቆ የወሰዱት ግን በረከትነቱ ምን ላይ ነው?

ይህ ጠባይ በእኛ ብቻ ያለ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1981 ዓ.ም. እንዲህ የሚል ጥያቄ ለሰዎች ማቅረባቸውን ጽፈዋል። አንድ ሰው የ15 ዶላር የሒሳብ ማሽንና የ125 ዶላር ኮት ሊገዛ መጣ። የሒሳብ ማሽኑ በመኪና 20 ደቂቃ በሚያስኬድ ሌላ መደብር በ10 ዶላር እንደሚገኝ ተነገረው። ይሂድን? ከተጠየቁት ውስጥ 68 ከመቶ ይሂድ አሉ። ለሌሎች ሰዎች ደግሞ ዋጋው ተለዋውጦ፣ ማሽኑ 125 ዶላር፣ ኮቱ 15 ዶላር ሆኖ፣ ያው የ5 ዶላር ቅናሽ በማሽኑ ላይ እንዳለ ተነገራቸው። በዚህ ጊዜ ይሂድ ያሉት 29 ከመቶ ብቻ ናቸው። የሚተርፈው ገንዘብ በሁለቱም አምስት ዶላር ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። ሰው ግን የሚመዝነው በኪሱ የሚቀረውን ገንዘብ ሳይሆን፣ ከዋጋው አንጻር ቅናሹ ምን ያህል እንደሚመስል ነው። ለዚህም ነው በሽንኩርት ላይ አንበሳ፣ በቤት ዕቃና በድግስ ላይ በግ የምንሆነው። እኔ ከዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። የተሳሳተው ሒሳባችን ብቻ አይደለም። የማንፈራውን ሰው እንከራከራለን፤ የምንፈራውን አንከራከርም። ክርክራችን በአብዛኛው የሚወድቀው በማይችለን ሰው ላይ መሆኑን ካወቅን፣ ነገሩ ከቁጠባ ወጥቶ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል።

ርካሽ ዋጋ ሲኖር ልዩነቱን የከፈለ ሌላ ሰው መኖሩን ለመጠየቅ የሚያስገድድ ነገር በዘመናችን ደርሶአል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በባንግላዴሽ፣ በዳካ ከተማ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ተገደዱ። ሸሚዙን በርካሽ የገዛው ሰው ይህን አላወቀም፤ ስለዚህ ወንጀለኛ ነው አልልም። መግዛቱንም ጨርሶ ቢተው፣ እነዚያ ሠራተኞች እንጀራቸውን ያጡ ነበር። ነገር ግን ከአደጋው በኋላ ገዢዎች መጠየቅ ስለ ጀመሩ፣ ሠራተኞችም ስለ ጮኹ፣ በዚያው ዓመት ብዙ የልብስ ድርጅቶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሕንፃዎቹ እንዲመረመሩ የሚያስገድድ ስምምነት ተፈራረሙ። እንግዲህ ከገዢ የሚፈለገው ሁሉን ማወቅ ሳይሆን፣ «ይህ ለምን ረከሰ?» ብሎ ለመጠየቅ አለመስነፍ ነው።

ገዢ ራሱን ሲገዛ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ የሚሻ ሰው ከእንግሊዝ አገር ታሪክ አንድ ነገር ይመልከት። በ1791 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የቀረበውን ሐሳብ ጣለው። በዚያው ዓመት ዊሊያም ፎክስ የተባለ ሰው፣ ባሮች በሚያለሙት እርሻ የተገኘውን ስኳር ሕዝቡ እንዳይገዛ የሚመክር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በሳምንት 5 ፓውንድ ስኳር የሚጨርስ አንድ ቤተ ሰብ 21 ወር ቢታቀብ፣ አንድን ሰው ከባርነት ወይም ከሞት ያድናል ሲል አሰላ። ስሌቱ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ቶማስ ክላርክሰን የተባለው የባርነት ተቃዋሚ እንደ ገመተው 300,000 የሚሆን ሰው ስኳርን ተወ። በዚያ ዘመን ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም፤ የቤቱን ስኳር የሚገዙት ግን እነርሱ ነበሩ። በሸንጎ ያጡትን ቃል በመደብር ተናገሩት። የባሪያው ንግድ በሕግ የተከለከለው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1807 ዓ.ም. ነው፤ ስኳር መተዉ ብቻውን አላስቀረውም። ቢሆንም ሻይዋን ያለ ስኳር የጠጣችው ሴት ሁለቱንም የቃሉን ፍች አሟልታ ገዢ ሆናለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምሰጠው ምክር ከባድ አይደለም። አራቱን አማካሪዎች ከልባችን ልናባርራቸው አንችልም፤ ማባረርም አያስፈልገንም። ማን እየተናገረ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ግን ይቻላል። ይሉኝታ ሲናገር በርካሽነት ስም፣ ርካሽነት ሲናገር በብልኅነት ስም እንዳይሆን ስሙን ጠርቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ጥብቅነታችንን ወደ ትልቁ ወጪና ወደ ብርቱው ሻጭ እናዙር፤ ቸርነታችንን ወደ ትንሹ ወጪና ወደ ደካማው ሻጭ እናዙር። እውነተኛውን ሻጭ ደንበኛ እናድርግ፤ እርሱ ከገበያ ከወጣ በኋላ ብንፈልገው አናገኘውምና።

ይልቁንም ልጆቻችንን ገበያ ስንልክ ይህን እናስተምራቸው። ልጁ ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ሁላችንም የምንጠይቀው «ስንት ገዛኸው?» ብለን ነው፤ ዋጋው ካነሰ እናመሰግነዋለን፤ ከበዛ እንቆጣዋለን። ከእንግዲህ ወዲህ «ከማን ገዛኸው? ለምንስ ይህን መረጥህ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች እንጨምርበት። ልጁ መጀመሪያ መልሱ ቢጠፋው አያስደንቅም። ጥያቄው እንደሚጠብቀው ካወቀ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መልሱን ገና በገበያው ላይ ሳለ ያስበዋል።